መተማ ላይ ዶክተር፣ ጎንደር ላይ ፍሬሽ

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቢ 12 ስፈልግ አንድ ሰዓት ሙሉ ባከንኩ። በእጄ የያዝኩት ወረቀት እንዲህ ይላል፦ "ሎጂክ፣ 2:30–4:20 ኤል ቲ፣ ቢ 12፣ አር 07"። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ መድኃኒት ሳድል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ቢ 12 ሲባል ዓይኔ ላይ የምትመጣው ያቺ ቀይ መርፌ ናት። ኤል ቲ በእኛ ቤት የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ነው። ስለዚህ ሎጂክ የተባለውን ነገር የላቦራቶሪ ሰው ያስተምረናል፣ ምናልባትም ቫይታሚን ያነሰው ሰው በቅጡ ማሰብ እንደማይችል ሊነግረን ነው ብዬ የላቦራቶሪውን በር ተደግፌ ተቀመጥኩ። አንዲት የልጅ ልጄን የምታክል ልጅ አለፍ ብላ ተመለሰችና "አባባ፣ ለምርመራ ከሆነ ዛሬ ዝግ ነው፤ ሰኞ ይምጡ" አለችኝ።

"ተማሪ ነኝ" አልኳት።

ግራ ቀኝ አየች። እኔንም ደግማ አየች። "ልጅዎ ስንተኛ ዓመት ነው?" አለችኝ።

ቢ ማለት ብሎክ ነው አሉ። አር ማለት ሩም። ኤል ቲ ደግሞ ሎካል ታይም፤ ማለትም ፀሐይ ስትወጣ አንድ ብለን የምንጀምረው የገዛ ሰዓታችን። እናቴ በጥላ ስትለካው የኖረችውን ሰዓት በፈረንጅ አህጽሮት ጽፈው ሲሰጡኝ እንዴት ብዬ ልወቀው!

ዕድሜዬ 57 ነው። ጡረታ 60 ላይ ነው። የጀመርኩት ዲግሪ 4 ዓመት ይፈጃል። ይህን ለማስላት የማትስ ኮርስ መውሰድ አያስፈልግም፤ ባለቤቴ ፊደል ሳትቆጥር በጣቷ ቆጥራ ጨርሳዋለች። "አንተ ሰውዬ፣ ዲግሪው ሲመጣ ሥራው ሄዷል። የጡረታ ደብተርህ ላይ ልትለጥፈው ነው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም።

ነገሩን ያመጣው የአንድ ልጅ ትኩሳት ነው። እኔ በደርግ ማብቂያ ላይ ጤና ረዳት ሆኜ የተቀጠርኩ፣ ሕዝቡ ግን ድሬሰር እያለ የጀመረኝ፣ ዘመኑ ሲሻሻል ደረጃ አራት የደረስኩ ሰው ነኝ። መተማ ቆላ ውስጥ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ "ዶክተር" ነው፤ እኔም 35 ዓመት ያህል ዶክተር ሆኜ ኖሬያለሁ፣ ማንም አልተከራከረኝም። አንድ ዓመት፣ ስሙን በማልጠራው ጤና ጣቢያ፣ ከደጋ ሰሊጥ ሊያጭድ ወርዶ የነበረ አንድ ወጣት መጣ። ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት አልፎታል። እጁ ከስቶ ሸንበቆ አክሏል። በግራ ጎኑ ጣፊያው እስከ እምብርቱ ወርዷል። አዲስ የተመደበልን ባለዲግሪ ልጅ "ወባ ነው" አለ። እኔ "ካላዛር ነው፣ ጣፊያውን ዳብሰው" አልኩ። ቀና ብሎ "አንተ፣ ዲግሪህ ምንድን ነው?" አለኝ። ልብ በሉ፤ "አንተ" ብሎኛል።

ምርመራው ካላዛር አለ። የልጁ ጉዳይ በዚህ አለቀ፤ የእኔ ግን ተጀመረ። "ዲግሪህ ምንድን ነው" የምትለዋ ነገር ሌሊት ሌሊት ትነክሰኝ ጀመር። ደግሞስ የባለዲግሪው ስህተት አዲስ ሆኖ ነው? በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ላይ የሆነውን የምናስታውስ እናስታውሳለን። ሰዉ በወባ አለቀ፣ መድኃኒቱ አልሠራ አለ ሲባል ቆይቶ፣ በመጨረሻ ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ከመተማና ከሁመራ እርሻ የተመለሱ ሠራተኞች ሳያመጡት እንዳልቀሩ ነው የተነገረው። የእኛ ቆላ ዋልካ አፈሩ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከዚያ ስንጥቅ ትወጣለች፤ የቀን ሠራተኛው ደግሞ ቤት የለውምና ግራር ሥር ይተኛል። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም። ይህን ለመናገር ግን ያስፈልጋል መሰለኝ። ተመዘገብኩ።

የተመዘገብኩት ጎንደር ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ፣ በቅዳሜና እሁድ መርሃ ግብር ነው። የኮሌጁን ስም አልናገርም፤ ክፍያዬን ገና አልጨረስኩም።

እንግዲህ ሰዓት የማያውቅ ገጠሬ ነው እንዳትሉኝ። እኔ የምኖረው ሦስት ሰዓት በሚቆጠርበት ከተማ ነው። መተማ ዮሐንስ ላይ ለገበሬው የምንነግረው በእኛ ሰዓት ነው። ሪፖርቱ ላይ የምንጽፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ሦስተኛው ከድንበሩ ድልድይ ማዶ ያለው የሱዳኗ ጋላባት ሰዓት ነው። ሱዳኖች በ1992 ዓ.ም. ሰዓታቸውን ወደ ፊት ገፍተው ከእኛ ጋር አንድ ሆነው ነበር፤ ጥቅምት 22 ቀን 2010 ዓ.ም. ደግሞ መልሰው ወደ ኋላ ጎተቱት። ከዚያ ወዲህ በፈረንጅ 10 ሰዓት ላይ ከመተማ ተነስቶ ድልድዩን የተሻገረ ሰው ማዶ ሲደርስ ገና 9 ሰዓት ከምናምን ነው፤ ሳይነሳ ደርሷል። እኔ ይህን ሁሉ በጭንቅላቴ እያሰላሁ ከማዶ ለሚመጣ በሽተኛ ቀጠሮ ስሰጥ አንድ ቀን ተሳስቼ አላውቅም።

ጎንደር ላይ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ተሳሳትኩ። ግማሹ መምህር በኤል ቲ ይጽፋል፣ ግማሹ ምንም ሳይል በፈረንጅ ይጽፋል። "ሳይኮሎጂ፣ 8:30" ይላል። እኔ ምሳዬን በልቼ፣ ቡናዬን እስከ በረካ ጠጥቼ፣ ጥርሴን ፍቄ በ8 ሰዓት ከሩብ ስደርስ ክፍሉ ባዶ ነው። አንድ ጽዳት የምትሠራ ሴት ወንበር ገልብጣ ትጠርጋለች። "ጠዋት ነበር እኮ ጋሼ" አለችኝ። ከእሷ በቀር የሚያዝንልኝም አልነበረም።

ይህ የተለጠፈው ስኬጁል ነው። እውነተኛው ስኬጁል የተለጠፈው አይደለም፤ ቴሌግራም ላይ ያለው ነው። የክፍላችን ሪፕ ሃያ ዓመት በቅጡ ያልሞላው ልጅ ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ አልከፋበትም፤ ግን የሚጽፈው ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ነው። "ፍሬሾች፣ የነገው ጂኦ ወደ እሁድ ዞሯል። እሁድ የነበረው ኢንግሊሽ ቅዳሜ 2:30 ሆኗል። የሎጂኩ ሜክአፕ ረቡዕ ማታ ነው። ያያችሁ ላይክ አድርጉ።" ረቡዕ ማታ! እኔ ረቡዕ ማታ ተረኛ ነኝ፤ ምናልባትም በዚያች ሰዓት ምጥ ይዟት የመጣች ሴት እጅ ይዣለሁ። ላይክ የማደርገው ምኑን ነው? ደግሞ ኔትወርክ ሲኖር ነው። በእኛ አካባቢ ኢንተርኔቱ ለወራት ጠፍቶ የነበረበትን ጊዜ ይህ ልጅ የረሳው ይመስለኛል። ዓርብ ማታ ጎንደር መግቢያ አዘዞ ስገባ ስልኬ እንደ ፌንጣ መዝለል ትጀምራለች፤ የሳምንቱ ስኬጁል ለውጥ ሁሉ በአንድ ጊዜ ኪሴ ውስጥ ይገባል፤ የትኛው የትኛውን እንደሻረ ለማወቅ የሕግ ባለሙያ ያስፈልገኛል።

ስለ መንገዱ ብዙ አላወራም። ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ለመሙላት ጥቂት የሚጎድለው ነው። ዓርብ ከምሳ በፊት አለቃዬን ለምኜ እወጣለሁ። ኮኪት፣ ገንዳ ውሃ፣ ነጋዴ ባሕር እያልኩ ስወጣ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። አይከል ስደርስ ጥርሴ መንቀጫቀጭ ይጀምራል። ከ700 ሜትር ገደማ ተነስቼ ጎንደር 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ስደርስ ላቤ ላዬ ላይ ይቀዘቅዛል። ሹራብ፣ ጋቢ፣ ኮፍያ። አንዴ በጋቢ ተጠቅልዬ ክፍል ስገባ ልጆቹ ከመቀመጫቸው ተነሱ፤ የሃይማኖት አባት የገባ መስሏቸው ነው። መንገዱ የተዘጋ ዕለት ደግሞ መንገዱ ተዘግቷል፤ "አብሰንት" የምትለዋን ቃል የሚጽፈው ሰው ይህን አይጠይቅም።

ወደ ትምህርቱ ልመለስ። እኔ የተመዘገብኩት ጤና ለመማር ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ግን አንደኛ ዓመት ማለት የጋራ ትምህርት ነው፤ ሐኪም የሚሆነውም መሐንዲስ የሚሆነውም አብሮ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ እንግሊዝኛና ሒሳብ ይማራል። መጥፎ ነው አልልም፤ ለልጆቹ ጥሩ ነው። እኔን ግን አስቡኝ። የጂኦግራፊው መምህር ቆላ ማለት ከ500 እስከ 1,500 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ሞቃት የሆነ፣ ወባ የሚበዛበት አካባቢ ነው ብሎ ሲያስጽፈኝ ትናንት ጠዋት ወባ መርምሬ የመጣሁ ሰው ነኝ። ጻፍኩ። ምን ላድርግ? ፈተና ላይ ይመጣል።

ጤና የሚመስል ነገር ያየሁት ፊዚካል ፊትነስ የሚባለው ኮርስ ላይ ብቻ ነው። እሱም እሁድ ጠዋት ከ12:30 ጀምሮ፣ በጎንደር ብርድ፣ ሜዳ ላይ። መምህሩ ልጄ ከሚሆን ያነሰ ነው። "ከፍተኛው የልብ ምት 220 ሲቀነስ ዕድሜ ነው" አለን። ሁሉም 200 ምናምን አለ። እኔ ጋ ሲደርስ "163" አልኩ። ክፍሉ ዝም አለ። መምህሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አባት፣ እርስዎ ጥላ ሥር አረፍ ይበሉ" አለኝ። በዚያ ብርድ ጥላ! እኔ እኮ በጉልምስናዬ የክትባት ሳጥን አንግቼ፣ በረዶው ሳይሟሟብኝ መንደር ለመድረስ ጠዋት ወጥቼ ማታ የምገባ ሰው ነበርኩ፤ ያንን ማንም ኮርስ ብሎ አልቆጠረልኝም። እልህ ያዘኝና ጋቢዬን ጥዬ ሮጥኩ። አንደኛውን ዙር ጨረስኩ። ሁለተኛውን ጨረስኩ። ሦስተኛውን አልነግራችሁም። ሲያነሱኝ ግን "ፐልሴን ያዙ፣ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ፣ ግማሽ ቆጥራችሁ አታባዙ" እያልኩ አስተማርኳቸው። የዚያ ቀን ትምህርት እሱ ብቻ ነበር።

ሎጂኩ የባሰ ነው። ሎጂክ ማለት ሽማግሌን አፍ የማስያዝ ጥበብ መሆኑን የተረዳሁት በሦስተኛው ሳምንት ነው። በክፍል ክርክር መሀል እንደ ወጌ "እኔ 35 ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ፣ ስነግራችሁ ስሙ" አልኩ። ከኋላ አንዱ "ፋላሲ!" ብሎ ጮኸ። ክፍሉ አጨበጨበ። መምህሩም ፈገግ ብሎ "ስሙስ?" አለ። ልጁ "አድ ቬሬኩንዲየም" አለ፤ ያለ ቦታው ባለሥልጣንን መጥቀስ ማለት ነው አሉ። በእኛ አገር ሽማግሌ ሲናገር የሚባለው "እሺ አባቴ" ነበር። አሁን በላቲን ይሰድቡኛል። ግን እውነቱን ልናገር፤ ያን ዕለት ማታ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ሳስበው ልጁ ልክ ነበር። ስለ ካላዛር ቢሆን 35 ዓመቴ ይሠራል፤ ያን ዕለት ግን የተከራከርነው ስለ እግር ኳስ ነበር።

ታሪክ ላይ ግን አልረታም፤ እስካሁንም ይግባኝ ላይ ነኝ። ጥያቄው የመተማ ጦርነት መቼ ተካሄደ ይላል። ምርጫዎቹ ውስጥ 1881 አለ፣ 1889 አለ። እኔ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ የቆሰሉበት፣ ያለፉበት፣ ከተማውም በስማቸው የተጠራበት ቦታ ላይ ቤት ሠርቼ የምኖር ሰው ነኝ። ዓይኔን ሳላሽ 1881 ላይ አከበብኩ። ተሳስተሃል ተባልኩ። ለካ ጥያቄው የተጻፈው በፈረንጅ ዘመን ኖሯል፤ ኤል ቲ የሚል እንኳን አልተጻፈበትም! "ንጉሡ የሞቱት በኤል ቲ ነው" ብዬ ተከራከርኩ። መምህሩ ሳቀ፤ ነጥቧን ግን አልመለሰም።

ይህ ሁሉ የሚቻል ነው። የማይቻለው መስከረምና ጥቅምት ነው።

ሁለት ሄክታር ሰሊጥ አለችኝ። በመንግሥት ደመወዝ ብቻ ልጅ አይማርም፤ አባትም አይማርም። ሰሊጥ ደግሞ አመለኛ እህል ነው። ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ ይደርሳል፤ ከደረሰ በኋላ ቀን አይሰጥም። ዛጎሉ ከደረቀ አፉን ይከፍታል፣ ነፋስ ነካው ማለት መሬት ላይ ተዘራ ማለት ነው። ስለዚህ ሳይደርቅ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ጭንቅላቱን ወደ ሰማይ አድርጎ ሂላ ይቆማል፤ ቆሞ ይደርቃል፤ ከዚያ በሸራ ላይ ገልብጠህ ታራግፈዋለህ። ለመላው መተማ ያ ጊዜ ሠርግም ለቅሶም የሚዘገይበት ጊዜ ነው። የኮሌጁ ምዝገባ ጥቅምት ነው። "በአካል ቀርበው ካልተመዘገቡ በቅጣት" ይላል። ሰሊጡ በአንድ በኩል አፉን ሊከፍት፣ ሬጅስትራሩ በሌላ በኩል በሩን ሊዘጋ። የትኛውን ትለምናለህ? ሬጅስትራሩን ለመንኩ። "ጋሼ፣ ሲስተሙ ይዘጋል" አለኝ። ሰሊጡም ሲስተም አለው፤ እሱም ተዘጋ። ሩብ ሄክታር ያህል መሬት ላይ ቀረብኝ። ወፎቹ በደንብ ተምረዋል።

በዚያው ወራት ደግሞ ወባ ይመጣል። ዝናቡ ሲያቆም፣ ውኃው ሲያቁር፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር የእኛ ወረፋ ከበር አልፎ መንገድ ላይ ይደርሳል። ከደጋ የሚወርደው ሠራተኛ ወባን የመቋቋም አቅም የለውም፤ በሁለተኛው ሳምንት ይወድቃል። አጋጣሚ ሆኖ ሚድ ኤግዛም ኅዳር ነው። እኔ ቅዳሜ ጎንደር እንድቀመጥ አንድ ባልደረባዬ በእኔ ፈንታ ተረኛ ይገባል። ይህ በነፃ አይደለም። በደብተሬ ጀርባ የተበደርኩትን ሌሊት እጽፋለሁ፤ አሁን 14 ሌሊት ዕዳ አለብኝ። የኮሌጅ ክፍያ፣ የትራንስፖርት፣ የሌሊት ዕዳ። ፋሲካን፣ ገናን፣ ጥምቀትን አስቀድሜ ሸጫለሁ። ባለቤቴ "የቀረህ የቀብርህ ቀን ነው፣ እሱንም ተረኛ ነኝ እንዳትል" ብላኛለች።

በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ሲነሳ በመተማው ድልድይ በብዙ ሺዎች ተሻገሩ፤ ሱዳናዊው፣ የእኛው ሰው፣ ኤርትራዊው፣ ሌላውም። ያን ጊዜ ስኬጁል የሚባል ነገር አልነበረም። የደከመው ይተኛል፣ የነቃው ይነሳል። ይህን የማነሳው ለጉራ አይደለም። ድንበር ላይ የሚሠራ የጤና ሰው በሳምንቱ መጨረሻ ለመማር ሲያስብ ሳምንቱ ራሱ የእሱ እንዳልሆነ እንዲታወቅልኝ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ፤ እስካሁን ያልኩት ማሟሻ ነው። እኔ እኮ ስኬጁል አወጣለሁ! ኑሮዬ ስኬጁል ማውጣት ነው። ለምሳሌ የወባ መድኃኒቱን፣ ኮአርተምን ውሰዱ። ለአዋቂ ሰው በሦስት ቀን ውስጥ ስድስት ጊዜ፣ በየጊዜው አራት ፍሬ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ፣ ከዚያ ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ ጋር፣ ቢቻል ቅባት ካለው ጋር። ይህን የእጅ ሰዓት ለሌለው አጫጅ እንዴት ታስረዳለህ? "በየ12 ሰዓቱ" ብትለው እሺ ብሎ ይሄዳል፤ አራት ፍሬ ውጦ ሲሻለው ቀሪውን ለጓደኛው ይሰጣል። ስለዚህ አስቀድሜ እጠይቃለሁ። የት ነው የምታድረው? ስንት ሰዓት ትበላለህ? ማነው አብሮህ ያለው? ከዚያ ነው የምነግረው። "አራቱን እዚሁ ፊቴ ዋጥ። አራቱን ማታ ከብት ሲገባ። ነገ አሠሪህ ለሥራ ሲቀሰቅስህ አራት፣ እራት ስትበላ አራት። ከነገ ወዲያም እንዲያው።" ይህ ልጅ ይድናል።

ካላዛር ደግሞ 17 ቀን ነው። በየቀኑ ሁለት ዓይነት መርፌ፣ አንድ ቀን ሳይዘለል። ለአጫጁ ልጅ 17 ቀን ማለት የሰሊጡ ወቅት በሙሉ ማለት ነው፤ ደመወዙ፣ ወደ እናቱ ይዞት የሚመለሰው። ስለዚህ ከመርፌው በፊት ከአሠሪው ጋር እነጋገራለሁ፣ የሚተኛበትን እጠይቃለሁ፣ ምግቡን ማን እንደሚያመጣለት አጣራለሁ። ይህን ሳታደርግ በወረቀት ላይ "ለ17 ቀን" ብለህ ብትጽፍ የጻፍከው መድኃኒት ሳይሆን ምኞት ነው፤ በስድስተኛው ቀን ጠፍቶ ታገኘዋለህ። የትምህርት ስኬጁልም ማዘዣ ነው። አዛዡ ታማሚውን ሳያይ አዝዟል።

ይህንን ለማለት አንድ ቀን ስኬጁል ወደሚያወጣው ልጅ ቢሮ ገባሁ። ተነሳልኝ፣ ወንበር ሳበልኝ። ዘመናይ ነው፤ ጨዋም ነው። ሁሉንም ነገርኩት፤ ሰሊጡን፣ ወባውን፣ ረቡዕ ማታን፣ ቢ 12ን። በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረና "ጋሼ፣ ኤክሴል ነው እኮ ያወጣው። እዚህ ጋ አንዷን ብነካት ሌላው ክፍል ይጋጫል" አለኝ። አየሁት። በቀይና በአረንጓዴ የተቀለመ ነው፤ የሚያምር ነው። ክፍል አለበት፣ መምህር አለበት፣ ብሎክ አለበት። ተማሪ የሚባል ዓምድ የለበትም።

ድሮ፣ ድሮ ስል የእኔን ድሮ አይደለም፣ ከእኔ በፊት የነበሩትን ነው፤ በ1945 ዓ.ም. ደምቢያ ሜዳ ላይ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ። ወደ 7,000 ሰው አለቀ ይባላል። ከዚያ በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው ማለት ነው። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስ፣ ሳኒታሪያን አሠለጠኑ፤ ሦስቱን በቡድን አድርገው ወደ ቆላ ድባ አወረዷቸው፣ እዚያው ወባው አጠገብ እየኖሩ እንዲማሩ። ያሠለጠኑኝ ሰዎች ከእነዚያ የተማሩ ነበሩ። ስለ ክፍል ቁጥር ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም፤ ስለ ኩሬ ግን ብዙ ያወሩ ነበር። ያን ጊዜ ትምህርት ቤቱ ወደ ቆላ ወረደ። ዛሬ ቆላው በየሳምንቱ ዓርብ በጋቢ ተጠቅልሎ ወደ ትምህርት ቤቱ ይወጣል።

ልጆቹን ግን አልወቅስም፤ እንዲያውም አንድ ነገር ልጨምር። ያቺ "ሰኞ ይምጡ" ያለችኝ ልጅ አሁን ከፊት ረድፍ ቦታ ትይዝልኛለች። የቴሌግራሙን ስኬጁል ሁሉ በእጇ ገልብጣ፣ በትልልቅ ፊደል፣ በእኛ ሰዓት፣ በእኛ ቀን ጽፋ ዓርብ ማታ ትሰጠኛለች። ቢ 12 ያለበት ቦታ ላይ ትንሽ መርፌ ሥላለች። በምላሹ ሻይ ቤት ተቀምጠን ጣፊያ እንዴት እንደሚዳበስ አስተማርኳት፤ በአንድ ወፍራም ጓደኛዋ ሆድ ላይ፣ በፈቃዱ። ከታች ጀምሪ፣ ትንፋሽ ሲስብ ጠብቂ፣ አትቸኩዪ። ሪፑም መጣ። በሚቀጥለው ሳምንት ስድስት ሆኑ። ይህ ክፍለ ጊዜ ኤክሴሉ ውስጥ የለም፤ አብሰንትም የለበትም።

ስኬጁል ለምታወጣው ልጄ፦ ፋይናሉ ሲያልቅ የሚመጣውን ዓመት ድልድል መሥራት እንደምትጀምር ነግረኸኛል። አትጀምር። መስከረም ላይ አንድ ዓርብ ከጎንደር መናኸሪያ ተሳፍረህ ውረድ። አይከልን ስታልፍ ሹራብህን አውልቅ፣ ገንዳ ውሃ ስትደርስ ሸሚዝህን ፍታ። ኮኪትን ስታልፍ ደውልልኝ፤ ኔትወርክ ካለ አነሳለሁ፣ ከሌለም መተማ ዮሐንስ መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ ታገኘኛለህ። ባለቤቴ አልጋህን ደጅ ታነጥፍልሃለች፤ ቤት ውስጥ ከሙቀቱ የተነሳ አይተኛም። ጠዋት ሰሊጡን አሳይሃለሁ፣ ከሰዓት ወረፋውን። ኮምፒውተርህን ከፈለግህ ያዝ፣ ካልፈለግህ ተው። አጎበር ግን ይዘህ ና።